መምህር ዘሥላሴ የት ነው የተማሩት?

ቲቸር የሺ ማረፋቸውን የነገረኝ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነው። ጠዋት በር ላይ ሰላም ስለው፣ "ቲቸር የሺ እኮ አረፉ፤ አልሰማህም እንዴ?" አለኝ። እኔም ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ፣ "ማን ነገረህ?" አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። "የእድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰማሁ" አለ። "ለነፊውስ ማን ነገረው?" ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህ ንግግር የእኔ አይደለም፤ የሟቿ ነው። አብሬያቸው በሠራሁባቸውና አብሬያቸው በዞርኩባቸው ዓመታት ተጋብቶብኝ የቀረ በሽታ ነው።

ሙሉ ስማቸው የሺእመቤት ወንድሙ ነው። አሰላ ውስጥ እኔ ሒሳብ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ነበር። እኔ ጀማሪ ሆኜ ስገባ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰውን በላዩ አሻግረው የሚያዩ ሴት ነበሩ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ፊታቸው ካልተቀዳ አይጠጡም። ሰው ሲያመሰግናቸው፣ "ምን ፈልገህ ነው?" ይላሉ። ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ስህተት ቢሠራ ማንም መምህር ይጠረጥራል፤ ቲቸር የሺ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ሲጽፍም ይጠረጥሩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ "ከበላይ አካል እንደተገለጸልን" ብሎ ሲጀምር ከኋላ ወንበር፣ "ማን ነው የገለጸው? ለእሱስ ማን ነገረው?" የሚል ድምፅ ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ መሀረቡን ያወጣል።

እህል ሲገዙ ያየኋቸው ቀን ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የገበያ ቀን ነው። ነጋዴው የስንዴውን ጆንያ አፍ ከፍቶ በእፍኙ ዘግኖ ያሳያቸዋል። እሳቸው እፍኙን ዞር ብለውም አላዩት። የሹራባቸውን እጅጌ ጠቀለሉና ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ጆንያው ውስጥ ከተቱት። ከታች የዘገኑትን አውጥተው በመዳፋቸው ላይ እያገላበጡ፣ "ከላይ ያለው ስንዴ ምንጊዜም ጥሩ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ነጋዴው፣ "እማማ፣ ሌባ አደረጉኝ እኮ!" ብሎ ጮኸ። "ሌባ አላልኩህም። ከታች ምን እንዳለ አንተም አታውቅ ይሆናል፤ አብረን እንየው ነው ያልኩህ" አሉት። ስንዴው ከታችም ጥሩ ነበር። ገዙት፤ ግን ጥሩ ሆኖ መገኘቱ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ታሪክ ሲያስተምሩም እንደዚሁ ነበሩ። ወደ አርሲ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጆች አያት ቅድመ አያታቸውን ሲያወሩ ማዕረግ የሌለው ሰው የለም። ሁሉም ፊታውራሪ፣ ሁሉም ቀኛዝማች፣ ሁሉም የጎንደር ሊቅ ነው። ተራ ወታደር የነበረ፣ አህያ እየነዳ የመጣ ሰው የልጅ ልጅ አሰላ ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ። እኔም አንድ ቀን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ "የአባቴ አያት ፊታውራሪ ነበሩ" ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቲቸር የሺ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና፣ "ማን የሾማቸው?" አሉኝ። ቤት ሄጄ አባቴን ብጠይቀው ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ ፊታውራሪነቱን አንስቼ አላውቅም።

ለሌላው ሰው አያት እንዲህ ምሕረት የሌላቸው ሴት ለራሳቸውም ቤተሰብ ምሕረት አልነበራቸውም። ከካህናት ዘር ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ ወደ አርሲ ከዘመተው ሠራዊት ጋር ታቦት ተከትለው የመጡ ቄስ ነበሩ። የቤተሰቡ ኩራት ግን እኚህ ቄስ ሳይሆኑ የቄሱ አያት፣ መምህር ዘሥላሴ ናቸው። መምህር ዘሥላሴ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የኖሩ ሊቅ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ እንደሚለው በልጅነታቸው ከሸዋ ጠፍተው፣ በእግራቸው ጎንደር ገብተው፣ ዜማውንም ቅኔውንም መጻሕፍቱንም ጨርሰው የተመለሱ ሰው ናቸው። በዚያ ቤት ሠርግ ሲደገስ ሽማግሌ ብድግ ብሎ "ጎንደር የተማረው የመምህር ዘሥላሴ ዘር!" ሳይል አይበላም።

ቲቸር የሺ ከዚህ ዘር ተቆርጠው የወጡ ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ መምህርነት ሲሠለጥኑ፣ ሃይማኖት ቀይረው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። አባታቸው ቄስ ወንድሙ አልቅሰው ዝም አሉ። ታናሽ ወንድማቸው አሥራት ግን ዝም አላለም። እሱ በአባቱ እግር ተተክቶ መሪጌታ ሆኖ፣ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ባለችው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተከበረ ሰው ሆነ። ስለ እህቱ የጠየቀውን ሁሉ፣ "እኔ እህት የለኝም። ያቺ ከመምህር ዘሥላሴ ዘር ወጥታለች" ይል ነበር። ገበያ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ መሪጌታ መንገድ ይቀይራሉ። ቲቸር የሺ ቆመው ያዩአቸዋል። ይህን ያጫወቱኝ ሰዎች ናቸው እንጂ ራሳቸው ትንፍሽ አላሉም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እኛ ቤት መመላለስ የጀመሩት። በቆሎ እሸት ይዘው ይመጣሉ፤ ከእናቴ ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ፤ ጤናዬን ይጠይቃሉ። እናቴ ሲወጡ ጠብቃ፣ "ይቺ ጴንጤ ልትወስድህ ነው። ዝም ብላ በቆሎ አትሸከምም" አለችኝ። እኔም ሳልጠረጥር አልቀረሁም፤ ቲቸር የሺ ያለ ምክንያት ደግ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን፣ "ቅዳሜ ሥራ አለህ? ጎበሳ ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ትንሽ እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ማተብህን አውጣው" አሉኝ።

"ምን?"

"ማተብህን። ሸሚዝህ ውስጥ ተደብቋል። ከሩቅ እንዲታይ አውጣው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ከመምህራኑ ሁሉ እኔን የመረጡት ለጠባዬ ሳይሆን ለአንገቴ ነበር። ቄስ ዘንድ ሄደው የሚጠይቁት ነገር አላቸው፤ ቄስ ደግሞ ከማናገሩ በፊት አንገት ያያል። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። "በቆሎውም ለዚሁ ነበር?" አልኳቸው። "በቆሎው ስለበሰለ ነው" አሉና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

የሚፈልጉትን ነገር በመንገድ ላይ ነገሩኝ። መምህር ዘሥላሴ የት እንደተማሩ ማወቅ ነው የሚፈልጉት። "ጎንደር ነው አይደል እንዴ?" ስል፣ "ጎንደር ከተማ ነው እንጂ መምህር አይደለም" አሉኝ። በቤተ ክህነት ትምህርት ሰው የሚታወቀው በወረቀት አይደለም፤ በመምህሩ ነው። ሊቁን "የማን ደቀ መዝሙር ነህ?" ስትለው "የእገሌ ነኝ፤ እገሌ ደግሞ የእገሌ" እያለ መምህራኑን ወደ ላይ ይቆጥርልሃል። የራሱን አያት ስም የረሳ ሊቅ የመምህሩን መምህር አይረሳም። መምህር ዘሥላሴ ግን ጎንደር ተማሩ ይባላል እንጂ ከማን እንደተማሩ የሚናገር ሰው በቤተሰቡ ውስጥ የለም። ቲቸር የሺን መጀመሪያ ያስጠረጠራቸው ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነበር። "ልጅ ሆኜ" አሉኝ፣ "አባቴ በየዓመቱ የሙት መታሰቢያ ሲያደርግ ካህናቱ የአባቶቻችንን ስም እየጠሩ ይጸልዩላቸው ነበር። እኔ በር ጥግ ቆሜ እሰማለሁ። ሠርግ ላይ ስሙ ሲፎከርበት የሰማሁት መምህር ዘሥላሴ መቼ ይጠራ ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። አይጠራም። ልጁ ይጠራል፤ የልጅ ልጁ ይጠራል፤ እሱን ዘለው ወደ ሌላው ያልፋሉ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። አባቴን፣ 'አባባ፣ መምህር ዘሥላሴን ረሳችሁት' አልኩት። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን ነው የመታኝ። ያን ቀን።"

ድግስ ላይ የሚጠራ፣ ጸሎት ላይ የማይጠራ ሰው። እኔም በዚህች ሰዓት መጠርጠር ጀመርኩ። ግን የጠረጠርኩት መምህር ዘሥላሴን አልነበረም፤ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ነበር። ወንድማቸው "ከመምህር ዘሥላሴ ዘር ወጥታለች" ሲሉ ኖረዋል። እሳቸው ደግሞ መምህር ዘሥላሴ ላይ አንድ ጉድ ፈልገው ወንድማቸውን ሊያዋርዱበት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔን ደግሞ በአንገቴ መግቢያ አድርገውኛል።

ጎበሳ የሄድነው የኔታ ጥዑም የሚባሉ አዛውንት ካህን ዘንድ ነው። በወጣትነታቸው ከቄስ ወንድሙ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ፣ በዚያ የሙት መታሰቢያ ላይ ስም ከሚጠሩት አንዱ የነበሩ፣ ከዚያ ዘመን ካህናት በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቲቸር የሺ ከመኪናው ስንወርድ ነጠላቸውን አንገታቸው ድረስ ተከናነቡ። "ይሄስ ማታለል አይሆንም?" አልኳቸው። "ነጠላ የሁሉም ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ ብዬ አፌን ከከፈትኩ ያን ጊዜ ታዘበኝ" አሉ።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እንደተባለው መጀመሪያ አንገቴን አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ቲቸር የሺ ከወደ ኋላ ቆመው፣ "የቄስ ወንድሙ ልጅ ነኝ፣ የኔታ" ሲሉ ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

"የመምህሬ ልጅ! ኧረ የታባሽ፣ ወንድሙን ቁርጥ! ነይ ቁጭ በይ። ከልጆቹ የማውቀው አሥራትን ብቻ ነው። እሱ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ የኔታ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። መምህር ዘሥላሴ ጎንደር የተማሩት ከማን ነው?"

የኔታ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። "አባትሽ አልነገረሽም?"

"ለሴት ልጅ ማን ይነግራል?"

"እሱስ እውነትሽን ነው።" አሉና ግራ ቀኛቸውን አዩ። እኔን አዩ፤ አንገቴን አዩ፤ ረጋ አሉ። "እኔ ጎንደር የሚለውን እንደ ሌላው ሰው ሠርግ ላይ ነው የሰማሁት። መምህሬ የነገረኝ ጎጃም ነው። አንድ ዓመት በመታሰቢያው ቀን የዘሥላሴን ስም ሳላውቅ ልጠራ ስል እጄን ያዘኝ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ 'የተማረበት ቤት ኋላ ተወግዟል። የልጅ ልጁ ስሙን በጸሎት ላይጠራ ምሎ ነው ክህነቱን ያገኘው። እኛም መሐላውን ጠብቀን ኖረናል' አለኝ። እሱስ አልቅሷል ሲነግረኝ።"

ነገሩን እኔም በኋላ ነው በደንብ የተረዳሁት። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ በምሥጢረ ሃይማኖት ጥያቄ ተከፋፍለው፣ አንዱ ጉባኤ ቤት አንዱን እየነቀፈ፣ ተማሪውም በመምህሩ ወገን እየቆመ ይኖር ነበር። መምህር ዘሥላሴ ጎጃም የተማሩበትን ወገን ትምህርት ኋላ የተሰበሰበ ጉባኤ አወገዘው። እሳቸው ያን ጊዜ ሞተዋል። ልጅ የልጅ ልጅ ግን በሕይወት አለ። ከዚያ ወደ አርሲ ዘመቻ ሆነና ቤተሰቡ አገር ለቅቆ መጣ። እዚህ ማን ያውቃል? ያለፈውን ሁሉ እዚያው ትተው፣ መምህር ዘሥላሴን ብቻ ይዘው መጡና "ጎንደር የተማረ" አሉት።

እኛ ይህን በቅጡ ሳንሰማ ነፋስ መጣ። ከኮረብታው በኩል የመጣው ነፋስ የቲቸር የሺን ነጠላ ወደ ኋላ ገለበጠው። የኔታ ባዶ አንገታቸውን አዩ።

"ማተብሽ የት አለ?"

ቲቸር የሺ ነጠላውን አላነሱትም። "የለኝም፣ የኔታ።"

"ጴንጤ ነሽ?" አማተቡ። "ማን ላከሽ? የማን ሰላይ ነሽ?"

"ማንም አልላከኝም። የቄስ ወንድሙ ልጅ ነኝ፤ እሱን አልዋሸሁዎትም።"

ሽማግሌው በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱ። ለእሳቸው አንድም ቃል ሳይጨምሩ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ ግን ማተብ አስረህ!" አሉኝና ወደ ቅጥሩ ገቡ። ለሁለት የተሰነጠቅሁ ያህል ተሰማኝ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቲቸር የሺን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ፈገግ ብለዋል። አሁንማ ዱላውን አገኙ፤ መሪጌታ አሥራት አለቀላቸው አልኩ በልቤ።

አሰላ ደግሞ ወሬ አያድርም። በሳምንቱ የቲቸር የሺ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆመኝ። "ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እህት የሺ ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው እንዴ? ነጠላ ተከናንበው ቄስ ዘንድ ታይተዋል አሉ" አለኝ። "ማን አለ?" አልኩት። እናቴ በበኩሏ ቤት ውስጥ ፀበል ትረጨኝ ጀመር። ሁለቱም ወገን እየጠረጠረን፣ እኔም እሳቸውን እየጠረጠርኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጠሩኝ። "ሳጉሬ፣ ወንድሜ ዘንድ" አሉ። ማተብህን አውጣ አላሉም።

ከሳጉሬ በእግር ወደ መሪጌታ ቤት በምትወስደው መንገድ ላይ ስንዴውን የሚያይ አንድ ገበሬ አስቆመን። ቲቸር የሺ ለብዙ ዓመታት ወዳልረገጡት፣ ወንድማቸው ወደሚኖሩበት አሮጌ የካህናት መንደር በየት እንደሚኬድ ሲጠይቁት ፊቱ ተለወጠ።

"ማል በርባዱ?" አለ። ምን ትፈልጋላችሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ለእኔ በአማርኛ፣ "ለመሬት ጉዳይ ነው እንዴ?" ሲል ጨመረ። በዚህ አገር ስለ ድሮ ሰው የሚጠይቅ እንግዳ ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው መሬት ነው።

"ላፋ ሚቲ፣ ኦቦ። አካካዩ ኮ ነን በርባዳ" አሉት ቲቸር የሺ። መሬት አይደለም፣ አያቴን ነው የምፈልገው።

ገበሬው ሳቀ። "አያት ይጠፋል እንዴ?" አለ በአማርኛ።

"ይደበቃል" አሉ።

መሪጌታ አሥራት የግቢያቸውን መዝጊያ የከፈቱት ስንጥቅ ያህል ነው። ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ አፍንጫቸውና ዓይናቸው የእህታቸው ነው። እህታቸውን አላዩአቸውም። እኔን አዩኝና፣ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" አሉኝ። ግቡ አላሉንም። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፤ እዚያው በር ላይ ቆምን።

"አሥራት" አሉ ቲቸር የሺ፣ "ዘሥላሴ ጎንደር አልተማረም።"

መሪጌታ ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩአቸው። "ማን ነገረሽ?"

እኔ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የአንድ እናት ልጆች ለመሆናቸው ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

"የኔታ ጥዑም።"

"ለማን ተናገርሽ?"

"ገና ለማንም።"

"ገና?" አሉ መሪጌታ። "በሕዝብ ፊት ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስትጠብቂ ኖረሽ! በይ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ክህነት ልቀበል ስል አባባ ነገረኝ።"

"ስሙን ጸሎት ላይ አትጠራም።"

"አልጠራም። መሐላ ነው።"

"ታዲያ ሠርግ ላይ ለምን ትጠራዋለህ?"

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ "ምን ላድርግ? አባታችን ነው። አባት ይጣላል እንዴ?" አሉ።

"እኔስ?" አሉ ቲቸር የሺ።

የሚገርመው፣ አልጮኹም። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚጠይቁ አድርገው ነው የጠየቁት፤ መልሱን በእውነት ስለማያውቁት። እኔ እዚያ ቆሜ አፈርኩ። ዱላ ፍለጋ የሄዱ የመሰሉኝ ሴት የፈለጉት ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚያስጠይቅ ነገር ነበር። ከቤቱ እምነት የወጣ ሌላ ሰው በዚያ ዘር ውስጥ ካለ፣ ያ ሰው ግን አሁንም አባታችን ከተባለ፣ እሳቸውስ ለምን እህት አይባሉም?

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መዝጊያውን ገፋ አድርገው ዘጉት። በኃይል አልዘጉትም፤ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት አድርገው ነው የዘጉት። ትንሽ ጠበቅን። "እንሂድ" አሉኝ ቲቸር የሺ።

ከዚያ በኋላ ቲቸር የሺ ያንን ነገር ለማንም አልተናገሩም። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ዛሬ ያወጡታል፣ ነገ ያወጡታል እያልኩ ጠበቅሁ። የመሪጌታ ልጅ ሠርግ ደረሰ፤ አልተጠሩም፤ ሽማግሌው ብድግ ብሎ "ጎንደር የተማረው" ብሎ እንደፎከረ ወሬው አሰላ ደረሰ። ለቲቸር የሺ ነገርኳቸው። "ጥሩ ድግስ ነበር?" አሉኝ ብቻ። መቻል አቃተኝና፣ "ለምንድን ነው የማይናገሩት? ያውቃሉ እኮ!" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ብናገር መሪጌትነቱን ያጣል፤ እኔ ደግሞ ወንድሜን ለዘላለም አጣለሁ" አሉ። "እኔ የምፈልገው እሱን ነው።"

ቀጥለው ግን፣ "እኔ እንደማልናገር ግን እንዳያውቅ። ትንሽ ይፍራ" አሉ። ይህን ሲሉ ያ የገበያ ዕለቱ ፊታቸው ተመለሰ፤ ደስ አለኝ።

ቲቸር የሺ በሕይወት ሳሉ መሪጌታ አልመጡም። ታመው ሲተኙም አልመጡም። እኔ አንድ ጊዜ ሳጉሬ ለሥራ ሄጄ የእህታቸውን መታመም በሰው ላክሁባቸው፤ መልእክቱ ደርሷቸው እንደሆነም አላወቅሁም። ቲቸር የሺ በር ሲንኳኳ ቀና ብለው ያያሉ፤ የገባውን ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ይመልሳሉ። ለእኔም አዝነውልኝ ነው መሰል፣ "አንተ መሆንህን በአረማመድህ አውቄያለሁ" ይሉኝ ነበር።

የቀብሩ ዕለት የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን እየዘመሩ፣ ሰዉ ግቢውን ሞልቶት፣ አንድ ነጭ ጥምጥም ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁ። ሌሎችም አዩት። ሽማግሌዎቹ ተጠቃቀሱ። "ሬሳውን የእኛ ነው ብሎ ሊያውክ ነው" ሲል አንዱ ሰማሁ። ከእኛም ወገን የነበሩ ጎረቤቶች መሪጌታ ጴንጤ ቀብር ላይ ምን ሊሠሩ መጡ ብለው አጉረመረሙ። እኔ ደግሞ የራሴ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ምሥጢሩ ከእህታቸው ጋር መቀበሩን ሊያረጋግጡ ነው የመጡት አልኩ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። አወቁኝ።

"ለማን ነገረች?" አሉኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ።

ልክ ነበርኩ አልኩ በልቤ። ልቤ ደነደነ። "ለማንም" አልኳቸው።

"ለመጋቢዋስ? በመጨረሻው ሰዓት ስትጸልይ?"

"ለማንም አልነገሩም። እኔ ምስክር ነኝ።"

መሪጌታ መዝሙሩን የሚያዳምጡ መሰሉ። የያዙት መቋሚያ ላይ ግንባራቸውን አስደገፉ። ቀና ሲሉ ጢማቸው ርሷል።

"እኔ ብሆን እናገር ነበር" አሉ።

ከዚያ እኔን ትተው መንገዱን ተሻገሩ። ሰዉ ግራና ቀኝ እያለ አሳለፋቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሐዘንተኞች ከተቀመጡበት ፊተኛው አግዳሚ ወንበር አጠገብ ደርሰው ቆሙ። ያ ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው እንዴ ብሎኝ የነበረው ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ በአክብሮትም በፍርሃትም፣ "አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሟች ምናቸው ነዎት?" አላቸው።

"ወንድሟ ነኝ" አሉ መሪጌታ አሥራት፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። "አዝላ ያሳደገችኝ ታናሽ ወንድሟ።"